ከእናትህ ጋር ስለጨረስነው ጌም

ክብሮሜ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እንደምን ከረምክ» ይባላል። አንተ ያለህበት ቦታ ክረምትና በጋ ይኑረው አይኑረው ስለማላውቅ እሱን ልለፈውና በቀጥታ ናፍቀኸኛል ልበልህ። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሙት ዓመትህን ቁሓ፣ ክርስትና በተነሣህበት ደብር አወጣን። ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሰው እስከ መንገዱ ድረስ ተቀምጦ ነበር። የአውሮፕላን ማረፊያው ባልደረቦችህ የሥራ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ መጡ። አለቃህ ስላንተ ሊናገሩ ተነሡና ማኮብኮቢያው ላይ አንድ አምፖል ተቃጥሎ ካየህ ሳትቀይረው ወደ ቤትህ እንደማትሄድ ተናገሩ። እኔም በልቤ፣ ይኼ ሁሉ ሰው የሚያውቀው የመብራቱን ሰው ነው አልኩ። መጋረጃ ካልተከፈተ ጌም አጠገብ የማይቀመጠውን ክብሮም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ቤቱ ብዙ አልተለወጠም። አጥሩ ሥር ያለው ዘይቱን ዘንድሮ ለጎረቤት የሚተርፍ አፈራ። የኩሽናው በር አሁንም ሲከፈት ይጮኻል፤ ዘይት ላስነካው እነሣና ድምፁን ስለለመድኩት እተወዋለሁ። አውሮፕላን በጣራችን ላይ ባለፈ ቁጥር ቀና ብዬ አያለሁ። የቱ በረራ እንደሆነ ከድምፁ የሚነግረኝ ሰው ግን የለም።

ትልቁ ለውጥ እናትህ ናቸው። ከአርባህ በኋላ እዚህ መቐለ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ያለው ቤት ውስጥ ብቻዬን ልኖር መሆኔን ሰሙ። በማግስቱ ከቁሓ አንድ ፍራሽና የጸሎት መጽሐፋቸውን በባጃጅ ጭነው ደጄ ላይ ወረዱ። ለጥቂት ቀን ነው አሉኝ። ይኸው እስካሁን አሉ። እንደ አንተው አደይ ነው የምላቸው። ጠዋት ጠዋት «ከመይ ሓዲርኪ ጓለይ» እያሉ በሬን ይቆረቁራሉ፤ ትምህርት ቤት ላስተምር የምሄድበት ሰዓት ደርሶ ካልተነሣሁ ደግሞ ሰላምታውን ትተው በሩን ብቻ ይቆረቁራሉ። እሳቸው በትግርኛ ይናገራሉ፣ እኔ ባማርኛ እመልሳለሁ። አንተ መሃላችን ተቀምጠህ ስታስተረጉም እንጣላ ከነበረው ያነሰ ነው አሁን የምንጣላው። ይኼን ብትሰማ ትስቅ ነበር።

የጻፍኩልህ ግን ለሌላ ነገር ነው። አዲሱ የደወሉ ጌም ወጣ። ጨረስኩትም። እንዴት እንደጨረስኩት ልነግርህ ፈልጌ ነው፤ ካንተ በቀር ደግሞ ማን ይገባዋል?

ከመጀመሪያው ልነሣ፤ ታሪኩን ብታውቀውም ስነግርህ ደስ ይለኛል። ዩኒቨርሲቲ ልማር ከኮምቦልቻ ስመጣ ከእናቴ ቤት በጣም የናፈቀኝ በታላቅ ወንድሜ ክፍል ትቼው የመጣሁት ጌም ነበር። በሣጥኑ ላይ ያለውን የባሕር ማዶ ስም የሚጠራ ሰው አላጋጠመኝም፤ እኛ አገርም እዚህም ሁሉም «ደወሉ» ነው የሚለው። ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ትልቅ አሮጌ ቤት አለ። በየአዲሱ እትም ሌላ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፤ የጠፋበትን ሰው ሊፈልግ። መሣሪያ የለውም፤ በእጁ ያለችው ፋኖስ ብቻ ናት። ደወሉ ሲደወል የቤቱ ሙታን ከየግድግዳው ይወጣሉ፣ ያኔ መደበቅ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ምድጃዋ የማይጠፋ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ ደወሉ እዚያ አይሰማም። እስከዚያ የተጓዝከው መንገድ እዚያ ስትደርስ ይመዘገብልሃል፣ ትንፋሽህንም ትሰበስባለህ። ጌሙ ይኼው ነው።

አባቴ ሲሞት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ያስፈራኝ ጀመር፤ በር ሲንኳኳ፣ ሰው ዝም ሲል፣ እናቴ ከገበያ ስትዘገይ። ደወሉን ስጫወት ግን ፍርሃቱ መልክ ነበረው። ከየት እንደሚመጣ እማራለሁ፣ እንዴት እንደሚታለፍ እማራለሁ፣ ሲበቃኝ አጠፋዋለሁ። ለማንም እንዲህ ብዬ አስረድቼ አላውቅም፤ የነገርኩህ አንተን ብቻ ነው።

ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት የነበረችውን የቆርቆሮ ጌም ቤት ታስታውሳታለህ። ሁሉም ኳስ ነው የሚጫወተው። እኔ ገብቼ ደወሉ አለህ ወይ ብዬ ባለቤቱን ስጠይቀው ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ባለቤቱ ከጠረጴዛው ሥር ሦስተኛውን እትም አወጣና ሲዲውን በሸሚዙ ጠርጎ ከፈተልኝ። አንተ ከኋላዬ ቆመህ የኳስ ተራህን ትጠብቅ ነበር፤ በእጅህ ለስላሳ ይዘሃል። ደወሉ ሲደወል፣ ከቁም ሣጥኑ ያቺ የሞተች ሴት ስትወጣ፣ ከጌሙ በላይ የጮኽከው አንተ ነበርክ። ለስላሳው እንዳለ ጀርባዬ ላይ ፈሰሰ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንተ ሮጠህ ወጣህ፣ አፍሮ ሄደ ስል ሶፍት ገዝተህ ተመለስክ። ሶፍቱን ሰጠኸኝና ዐይንህን ከቲቪው ሸሽገህ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ግን ልጅቷ ዳነች?» አልከኝ።

እኔን አልነበረም የጠየቅከው። ልብሴ ርሶ ቁጭ ብዬ አንተ ያሳሰበችህ የጌሟ ልጅ ነበረች። በዚያች ጥያቄ ነው የወደድኩህ። በማግስቱም መጣህ፣ በሳልስቱም፤ የኳስ ተራህን ለሌላ እየሰጠህ።

ስንጋባ ከሶፋ በፊት ማጫወቻውን ነው ያስገባነው። እናትህ ቤቱን ሊባርኩ መጥተው ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ትልቁን ቲቪ አዩና በሣምንቱ ሁለት ወንበር ላኩልን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ መጋረጃውን እስከ ጫፍ ትከፍተዋለህ። ፀሐይ ቲቪው ላይ እያረፈች ጨለማውን ቤት እንዴት ላየው ብል አትሰማኝም። በግራዬ ትቀመጣለህ፣ ክርኔን ትይዛለህ፣ ደወሉ ሲደወል ዐይንህን ትጨፍናለህ። ከዚያ «ሄደ?» ትለኛለህ። አንዳንዴ ሳይሄድ ሄደ እልህና ዐይንህን ስትገልጥ ታገኘዋለህ፤ የቆነጠጥከኝ ቦታ ሣምንት ሙሉ ይጠቁራል።

ሌላው ሰው ዓመቱን በልጆቹ ይቆጥራል። እኛ በደወሉ ቆጠርን። አራተኛው የሠርጋችን ዓመት ነው። አምስተኛው ፅንሱ የወረደብን ዓመት ነው። ያኔ ሁለታችንም ቃል ጠፍቶን ነበር። ሰዉ ሁሉ መጥቶ ቀጥሎ ይሰጣችኋል ሲለን እናመሰግናለን እንላለን፣ ሲሄድ ዝም እንላለን። አንድ እሑድ አንተው ራስህ ማጫወቻውን ከፈትክ፣ መጋረጃውን ገለጥክ፣ ጆይስቲኩን እጄ ላይ አስቀመጥክና ክርኔን ያዝክ። እያለቀስኩ ተጫወትኩ። ደወሉ ሲደወል አልጨፈንክም መሰለኝ፤ እኔን ታየኝ ነበር። ያን ቀን ምድጃዋ ክፍል ስንደርስ ወደፊት አልሄድኩም። የጌሟን ሴት እሳቱ ዳር አስቀምጠን እኛም አብረናት ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ልጁ ማውራት የቻልነው። የሚያስፈራ ጌም ሰውን ያጽናናል ብሎ የሚያምነኝ የለም፤ እኛን ግን ያጽናናን እሱ ነው።

ስድስተኛውን ከጨረስነው ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ መጣ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋና ቤት ዋልክ። ማጫወቻውን በብርድ ልብስ ጠቅልለህ አልጋ ሥር አስገባኸው፤ እንደ ሕፃን ነው የጠቀለልከው። ከሰዓት በኋላ የግቢው ሰው ሁሉ ዘይቱኑ ጥላ ሥር ይሰበሰባል። የሚወራው አንድ ዐይነት ነው፤ የማን ወሬ እንደተሰማ፣ የማን እንዳልተሰማ። አቦይ ሓጎስ፣ ጎረቤታችን፣ ልጆቻቸው ሁሉ ሩቅ ስለነበሩ ከሁላችን በላይ ዝም የሚሉት እሳቸው ነበሩ።

አንድ ቀን እንዲሁ ተቀምጠን ሳለን አቦይ ሓጎስ ወደኔ ዞረው፣ በደህናው ጊዜ እሑድ እሑድ ከቤታችሁ ይሰማ የነበረው ጩኸት ምን ነበር ብለው ጠየቁኝ። ለዓመታት አንተን የምመታህ መስሏቸው ኖሯል። ሽማግሌ ሆነው ሊያስታርቁን አስበው፣ ጠዋት ጠዋት ተቃቅፈን ስንወጣ ሲያዩ ግራ እየገባቸው ትተውታል። ግቢው እንዲያ ሲስቅ ከሰማሁ ብዙ ወር ሆኖኝ ነበር። አንተ ከሁሉም በላይ ሳቅክ፣ ከዚያ እንዳይጠረጥሩኝ ጌሙን ልታስረዳቸው ተነሣህ።

እንዲህ ነው የጀመርነው። ቤቱን እኔ እነግራቸዋለሁ፤ በሩ የት እንደሆነ፣ ደረጃው ወዴት እንደሚወርድ፣ ሴትየዋ ፋኖሷን እንዴት እንደያዘች። ድምፁ ያንተ ነበር። ያን ቀን ነው የገባኝ፤ ዐይንህን ጨፍነህ በኖርክባቸው እሑዶች ሁሉ ስትሰማ ነበር የኖርከው። የወለሉን እንጨት፣ የውኃውን ጠብታ፣ ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ትንፋሽ፣ አንድም ሳታጎድል በአፍህ ታወጣዋለህ። ደወሉን ስትደውል የጎረቤት ዶሮ እንኳ ሸሸች። በማግስቱ ሰዉ ቀጥሉ አለ። ከሌላ ግቢም መጡ። የሚበላ ነገር የሌለበትም ቤት፣ መልእክት ያልመጣለትም ቤት፣ ለሁለት ሦስት ሰዓት ሁሉም ያቺ ሴት ከዚያ ቤት ትወጣ አትወጣ እንደሆነ ይጨነቅ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከሩቅ ያ የከባድ መሣሪያ ድምፅ መጣ። ሁላችንም ደረቅን። እናቶች ተነሡ፣ አንተም አፍህን እንደከፈትክ ቀረህ። ወዴት እንሂድ ስንባባል አቦይ ሓጎስ ከድንጋያቸው አልተነሡም። መሬት መሬት እያዩ፣ «ክብሮም፣ ቀጥል። ሴትየዋ እኮ በሩ ላይ ነው የቀረችው» አሉ። ግቢው ተመልሶ ተቀመጠ። አንተም በድምፅህ በሩን ከፈትክላት።

ያንን ጌም የሠሩት ሰዎች የት አገር እንዳሉ በቅጡ አላውቅም። ግን ያለ መብራትም እንደሚሠራ አያውቁም፤ እኛ አይተነዋል። ብጽፍላቸው የምነግራቸው ይህንን ነበር። ማስፈራራታቸውን አላመሰግንም፤ የሚያስፈራ ሞልቶን ነበር። የማመሰግናቸው በሩን ከፍቶ መቀጠል እንደሚቻል ደጋግመው ስላሳዩን ነው።

ከዚያ ሰላሙ መጣ፣ መብራቱም መጣ። አንተ ማኮብኮቢያውን ልታበራ ተመለስክ። የመጀመሪያው አውሮፕላን ያረፈ ቀን ደወልክልኝና ስልኩን ለሰማዩ ያዝክልኝ፤ ድምፁን ሰማሁት። ማጫወቻውን ከብርድ ልብሱ አወጣኸው፤ ተነሣ፣ ሠራ። ብዙ አልቆየንም እንጂ። በዚያው ዓመት ልብህን ሕመም ጀመረው። ደረጃ መውጣት አቃተህ፣ ቀጥሎ ሜዳውም ደረጃ ሆነብህ።

ሐኪም ቤት ተኝተህ ሳለ ነው የሰባተኛው ማስታወቂያ የወጣው። ስልኬን ይዤ መጣሁና ላሳይህ አላሳይህ ብዬ አመነታሁ፤ የታመመ ልብ ይዘህ ደወሉን እንዴት አሰማሃለሁ? አንተ ግን ስልኩን ከእጄ ወሰድክ። አልጋው ላይ ተደግፈህ እስከ መጨረሻው አየኸው። አልጨፈንክም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን የቁም ሣጥኗን ሴት ሳትሸሽ ፊት ለፊት አየሃት። ሲያልቅ ስልኩን ደረትህ ላይ አስቀመጥክና፣ «እሙ፣ ብቻሽን እንዳትጀምሪው» አልከኝ።

አብረን ነው የምንጀምረው አልኩህ። ፈገግ አልክ።

ሰባተኛው የወጣው አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። እህትህ ለምለም ከአዲስ አበባ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች፤ ለወንድሟ የምታመጣው የመጨረሻ ዕቃ ስለሆነ መስጠት አቅቷት ሻንጣዋ ውስጥ ትታው ልትመለስ ነበር። ተቀበልኳት፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ከፕላስቲኩ እንኳ አላወጣሁትም። ቤት ባጸዳሁ ቁጥር አቧራውን እጠርግለታለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ብቻዬን እንዳልጀምር ነግረኸኛል። ከማን ጋር ልጀምር? የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ጠየቅኳት፤ እንኳን ልታይ ሣጥኑን ስታየው ፊቷን አዞረች። አክስትህ ደግሞ ለእኔ ሳይሆን ለእናትህ ነገሯቸው፤ ሐዘን የገባበት ቤት ውስጥ የሙታን ሥዕል ማስቀመጥ ነውር ነው፣ አስጥያት አሏቸው። ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። አደይ ምን እንደመለሱ ግን አልሰማሁም።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ምሳ በልተን ሳህን ሳነሣ አደይ መደርደሪያው ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ሣጥኑን በእጃቸው ይዘዋል፤ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ አዙረው ያዩታል። ልጄን ያስጮኸው የነበረው ይህ ነው ወይ አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ተቀመጡ፣ እኔም ተቀመጥኩ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። የለስላሳውን፣ የመጋረጃውን፣ የፅንሱን ጊዜ፣ አቦይ ሓጎስን፣ ሐኪም ቤት ያልከኝን። ካንተ ጋር ስለኖርኩት ኑሮ ያን ያህል ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። እሳቸውም አላቋረጡኝም። ስጨርስ ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ተቀየሙ ብዬ ሳህኔን ላጥብ ሄድኩ።

ስመለስ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ወንበራቸውን በግራዬ በኩል አድርገው ተቀምጠዋል። ያንተ ቦታ መሆኑን አልነገርኳቸውም ነበር።

«ክፈቺው» አሉኝ። «እኔ አልጨፍንም።»

ክብሮሜ፣ አንተ ያንን ሁሉ ዓመት ዐይንህን የጨፈንክላቸውን ሙታን እናትህ ተቆጧቸው። የመጀመሪያው ከግድግዳው ሲወጣ አማተቡ፤ ከዚያ በትግርኛ፣ የጎረቤት ልጅ ከጓሮ እንደሚያባርሩ ሆነው፣ የማን ቤት መስሎህ ነው ብለው አንባረቁበት። እጄ ከሳቅ የተነሣ ጆይስቲኩን መያዝ አቃተው፣ ሴትየዋም ተያዘችብን። አደይ አዘኑብኝ፤ ቁም ነገር ይዘሽ አትሳቂ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ምክር በምክር ሆንኩ። በር ስከፍት ዝጊው ይሉኛል። ጨለማ ውስጥ ስቆም አጆኺ፣ በርቺ ይሉኛል። ሴትየዋ ከገባች ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች ያስተዋሉት እሳቸው ናቸው፤ ምድጃዋ ክፍል ስንደርስ ቢያንስ ውኃ ትጣድ፣ ድስቱ እኮ እዚያው አለ ብለው ተከራከሩኝ። ድስቱ እንደማይነሣ ማስረዳት አልቻልኩም።

እሑድ እሑድ እንዲህ ሆነ። አንድ ጊዜ አክስትህ ድንገት መጡ። በሩ ላይ ቆመው እኛንም ቲቪውንም አፈራርቀው ሲያዩ፣ አደይ ሳይዞሩ በእጃቸው ተቀመጪ አሏቸው፤ ሴትየዋ ቁም ሣጥን ውስጥ ተደብቃ ስለነበር ማንም መናገር አልተፈቀደለትም። አክስትህ ተቀመጡ። እስኪመሽ አልሄዱም።

ከነዚያ እሑዶች በአንዱ ደወሉ ሲደወል አደይ ዝም አሉብኝ። ዞር ስል ያለቅሳሉ። አቆምኩት። ዐይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ ልጅ ሳለህ ጨለማ ትፈራ እንደነበር ነገሩኝ። ጋዝ በጠፋበት ጊዜ እንኳ ላንተ ሲሉ ኩራዙን ሳያጠፉ ያድሩ ነበር። አባትህ ወንድ ልጅ እንዲህ አይለምድም እያሉ ሲቆጡ፣ እሳቸው ተነሥተው ያጠፉ መስለው አንተ ከምታየው በኩል መልሰው ያስቀምጡታል። የአውሮፕላን ማረፊያው መብራት ሠራተኛ ሆንኩ ብለህ የመጣህ ቀን፣ ሌላው ደመወዙን ሲጠይቅህ እሳቸው ጓዳ ገብተው በደስታ አልቅሰዋል። ይህንን ለኔ ነግረኸኝ አታውቅም። አታውቀውም ይሆናል። ስለዚህ ይኸው ነገርኩህ።

መጨረሻው ላይ የደረስነው ባለፈው እሑድ ነው። ሰማዩ ከብዶ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሳይመታው በፊት ለመጨረስ ተጣደፍን። ሴትየዋ የምትፈልገውን ሰው አላገኘችውም፤ ያገኘችው ኮቱን ነው። ኮቱን ለብሳ ከቤቱ ወጣች፣ ሐይቁ ዳር ደረሰች፣ ነጋ። እኔ ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። የሠሪዎቹ ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፤ ነጭ ፊደል በጥቁር ላይ፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው።

አደይ ተነሥተው ቆሙ።

ወገባቸውን አሟቸው መስሎኝ ልደግፋቸው ተነሣሁ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ስሞቹን በአክብሮት ያያሉ። በዚያ ፊደል የተጻፈውን አያነቡትም። የሙታን ስም ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ለፍትሐት ስም ሲጠራ እንደሚቆሙት ነው የቆሙት። አይደለም፣ ይህንን የሠሩት ሰዎች ናቸው፣ በሕይወት አሉ አልኳቸው። ይህ ሁሉ ሰው ወይ አሉ። አዎ አልኩ። እንግዲያውስ ለሕያዋንም ይቆማል አሉና አልተቀመጡም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሲመርቁ ሰማኋቸው። እጃቸውን ይባርከው፣ ልጆቻቸውን ያሳድግላቸው፣ ልጄን እሑድ እሑድ ያሳቁ ናቸውና፣ እያሉ። እኔም አጠገባቸው ቆምኩ። ስንት እሑድ ጨርሰን ያንን ስም ዝርዝር ሳናየው አጥፍተነው ኖሯል።

ስሞቹ እየሳሱ ሲመጡ አደይ እጄን ያዙኝ።

«ስሙን ጥሪው» አሉኝ።

ክብሮም አልኩ። ድምፄ ቤቱን ሞላው። እሳቸው ቀጥለው የክርስትና ስምህን ጠሩ፣ ኃይለ ሚካኤል አሉ፣ ካህኑ በሚጠራበት ዜማ። ከዚያ የመጨረሻው ስም ወጥቶ አለፈ፣ ቲቪው ጠቆረ፣ ዝናቡም ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። ሁለታችንም እዚያው ቆመን ቆየን።

ይኸው ነው የኔ ፍቅር። ብቻዬን አልጀመርኩትም፣ ብቻዬንም አልጨረስኩትም። ስምንተኛውን መሥራት ጀምረዋል ይባላል። አደይ መቼ እንደሚወጣ በየሣምንቱ ይጠይቁኛል፤ እግዜር ካቆየኝ ይላሉ። እሳቸው ባይኖሩም፣ እኔ አርጅቼ እጄ ቢንቀጠቀጥም፣ የዚያ ቤት በር በተከፈተልኝ ቁጥር በሥራው የደከሙትን ሁሉ ቆሜ አመሰግናለሁ፤ ስምህንም በመሃላቸው ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ። ሰው ቢሰማኝ ደግሞ ይስማኝ።

ያንተው እመቤት
መቐለ፣ ሰሜን